አዲስ የገባ የባሕር ዓሣ ለይቶ ስለ ማቆየትና ስለ መመገብ

ከውጭ አገር የሚገባ ሸቀጥ ሁሉ ጉምሩክን አልፎ መጋዘን ከገባ በኋላ የነጋዴው ሐሳብ ጥቂት ማረፉ የተለመደ ነው። ጨርቁ ይቆጠራል፤ ብረቱ ይመዘናል፤ ሳጥኑ ተከፍቶ የጐደለ የተገኘ እንደ ሆነ ለመድን ድርጅት ይጻፋል፤ ያልጐደለ እንደ ሆነ ደግሞ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ገዢውን ይጠብቃል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ለጌጥ የሚቀመጠው የጨው ውኃ ዓሣ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ሸቀጥ ነው። ሳጥኑ በደኅና ደርሶ፣ ዓሣው ሲዋኝ ታይቶ፣ የርክክቡ ወረቀት ከተፈረመ በኋላ በሦስተኛው ወይም በዐሥረኛው ቀን ሊሞት ይችላል። በዚህ ጊዜ ላኪው ‹‹በሕይወት አስረክቤአለሁ›› ይላል፤ ገዢው ደግሞ ‹‹በሽተኛ ሸጥህልኝ›› ይላል፤ ኪሳራውም በሁለቱ መካከል በቆመው ነጋዴ ላይ ይወድቃል።

ይህን ንግድ የጀመሩ ወይም ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ዘወትር የሚጠይቁት ስለ ግዢው ዋጋ፣ ስለ አውሮፕላኑ ጭነትና ስለ ቀረጡ ነው። መጠየቁ የተገባ ነው። ነገር ግን ትርፉና ኪሳራው የሚለየው ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት ውስጥ መሆኑን በሥራው የቆዩ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ሁለት ነገር ይፈለጋል፤ ይኸውም ዓሣው ከሌሎች ተለይቶ እንዲቆይና በሰው እጅ የሚሰጠውን ምግብ እንዲለምድ ነው። ሁለቱም ሳይፈጸሙ የተሸጠ ዓሣ ገና ዕዳው ያላለቀ ዓሣ ነው።

አዲስ መጪን ለይቶ ማቆየት ለነጋዴ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። እንዲያውም ሥርዓቱ የተወለደው ከንግድ ነው። የራጉዛ ከተማ፣ ማለት ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የአድርያቲክ ወደብ፣ ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጡ መርከቦችና መንገደኞች ለ30 ቀን ተለይተው እንዲቆዩ በ1377 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደነገገች። ኋላም ቀኑ ወደ 40 ከፍ ስላለ፣ በጣልያንኛ አርባ ማለት ‹‹ኳራንታ›› በመሆኑ ‹‹ኳራንቲን›› የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። በአገራችንም የቁም ከብት ወደ ዐረብ አገሮች የሚልኩ ነጋዴዎች ከብቶቻቸው መርከብ ከመሳፈራቸው አስቀድሞ በማቆያ ጣቢያ እንደሚመረመሩ ያውቃሉ። በዓሣ ላይ የሚደረገውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የማቆያውን ጣቢያ ነጋዴው ራሱ በሱቁ ጓዳ ውስጥ የሚያቆመው መሆኑ ብቻ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ከቀይ ባሕር የሚወጣ አንድ ዓሣ እንውሰድ። ይህ ዓሣ ገላው ሐምራዊ፣ ጅራቱ ደማቅ ብጫ ሲሆን፣ ሊቃውንት ዘብራሶማ ዛንቱሩም ይሉታል፤ ሁለተኛው ቃል በግሪክኛ ጅራተ ብጫ ማለት ነው። የሚገኘውም በቀይ ባሕር፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በዚያ አካባቢ በመርጃን ድንጋይ መካከል ነው። ከጅራቱ ሥር በግራና በቀኝ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ አጥንት ስላለው እርሱና ወገኖቹ በአውሮፓ ቋንቋዎች ‹‹ቀዳጅ ሐኪም›› የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። በውበቱ በዓለም ገበያ የታወቀና ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ በአዲስ ገንዳ ውስጥ በነጭ ነጠብጣብ በሽታ ፈጥነው ከሚያዙት ዓሦች አንዱ ስለ ሆነ፣ እርሱን በደኅና ያቆየ ሰው ሌላውን ለማቆየት አይቸገርም።

(የቀይ ባሕር ዓሦች በመጽሐፍ ከታወቁ ቆይተዋል። ፔተር ፎርስኮል የተባለው የስዊድን ተወላጅ ሊቅ፣ የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዐረብ አገር ከላካቸው ተመራማሪዎች ጋር ሄዶ የባሕሩን ዓሦች መዝግቧል። በ1763 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በየመን ሲሞት ጽሑፉን ባልንጀራው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ዛሬም በዓለም ገበያ ላይ የሚጠሩት ‹‹ሶሐል››ና ‹‹አስፉር›› የተባሉት ዓሦች በእርሱ መጽሐፍ የተመዘገቡ ሲሆኑ፣ ስማቸውም የዐረብኛ ነው።)

ነጋዴው ዓሣውን ከመቀበሉ በፊት ያ ፍጥረት ምን እንዳሳለፈ ቢያውቅ ብዙ ስሕተት ይቀርለታል። ዓሣው በመረብ ተይዞ በመያዣ ገንዳ ጥቂት ቀን ይቆያል። በጉዞ ላይ ውኃውን እንዳያቆሽሽ ከመጫኑ በፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን ምግብ ይከለከላል። ከዚያም ጥቂት ውኃና ብዙ ኦክሲጅን በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ታስሮ፣ ሙቀትና ብርድ በማያሳልፍ ሳጥን ታሽጎ በአውሮፕላን ይጫናል። እንግዲህ በነጋዴው ደጅ ሲደርስ የተራበ፣ የደነገጠና ገላውን የሚጠብቀው ልግ የተገፈፈ ነው። በባሕር ውስጥ ሳለ ሊቋቋመው ይችል የነበረው ተባይ ድል የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

በፊሊፒን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ ኋላም በኢንዶኔዥያ፣ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ በመርጃኑ መካከል በመርጨት ዓሣ የሚያደነዝዙ አጥማጆች ተነሥተዋል። በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ፈጽሞ አልጠፋም። በዚህ መንገድ የተያዘ ዓሣ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ ምግብም ሊበላ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ይሞታል። ስለዚህ አስመጪው ዓሣው ከየት ባሕርና በምን መንገድ እንደ ተያዘ ላኪውን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። መልስ ለመስጠት የሚያመነታ ላኪ ዋጋው ርካሽ ቢሆን እንኳ ርካሽ አይደለም።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከረጢቱ በሚከፈትበት ሰዓት ነው። ብዙ ሰዎች የከረጢቱን ውኃ ከገንዳው ውኃ ጋር ቀስ በቀስ፣ ጠብታ በጠብታ፣ ለሰዓታት ማቀላቀል ለዓሣው ርኅራኄ ይመስላቸዋል። ረጅም መንገድ ለመጣ ዓሣ ግን ይህ ጉዳት ነው። በተዘጋው ከረጢት ውስጥ ዓሣው ከስንጥቡ፣ ማለት ከሚተነፍስበት አካሉ፣ አሞኒያ ያወጣል፤ እስትንፋሱ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሆነ ውኃውን ወደ አሲድነት ያዘነብለዋል። ውኃው አሲድ በመሆኑ አሞኒያው መርዝነቱ ቀላል በሆነ መልክ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይተናል፤ የአሲዱም ጠባይ ይቀንሳል፤ አሞኒያው ወዲያውኑ ወደ ብርቱ መርዝነት ይለወጣል። ዓሣው በዚህ ውኃ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቢቆይ ስንጥቡ ይቃጠላል።

ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው። ላኪው የላከበት ውኃ የጨው መጠን ምን ያህል እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ የማቆያውም ገንዳ ከዚያ መጠን ጋር እኩል ሆኖ ይዘጋጃል። የቀይ ባሕር ውኃ ከሌላው ባሕር ይልቅ ጨዋማ ነው፤ የውቅያኖስ ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ፣ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል እስከ 41 ይደርሳል። ከረጢቱ እንደ ታሰረ በገንዳው ላይ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ተንሳፍፎ ሙቀቱ ይስተካከላል። ከዚያም ተከፍቶ ዓሣው ሳይዘገይ ወደ ገንዳው ይተላለፋል፤ የከረጢቱ ውኃ ግን ይደፋል እንጂ ወደ ገንዳው አይገለበጥም። የጅራቱ ምላጭ በመረብ ስለሚያዝ ዓሣውን በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ መቅዳት ይሻላል። የክፍሉ መብራት በዚያን ዕለት ጠፍቶ ቢያመሽ ለዓሣው ዕረፍት ነው።

ለአዲስ አበባ አስመጪ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከባሕር ወለል አጠገብ የታሰረ ከረጢት 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ የአየሩ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ፣ በውስጡ ያለው ጋዝ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይነፋል። ላኪው ከረጢቱን ወጥሮ እንዳይሞላው ካልተነገረው ሳጥኑ ሲከፈት የፈሰሰ ውኃና የሞተ ዓሣ መገኘቱ አይቀርም። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ደግሞ በገንዳው ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ነገር ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው ሩቡን ያህል ያንሳል። የውኃው ጨውና ሙቀት ደግሞ ይህንኑ የበለጠ ይቀንሰዋል። ስለዚህ በውጭ አገር መጽሐፍ ላይ ‹‹ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ›› ተብሎ የተጻፈውን ቈጥሮ ገንዳውን የሚሞላ ነጋዴ ዓሦቹን ያፍናቸዋል። ቍጥሩን መቀነስ፣ የአየር መንፊያውን ማጠንከርና መብራት በጠፋ ጊዜ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ አዘጋጅቶ መገኘት የግድ ነው።

የማቆያው ገንዳ ራሱ ጌጥ አይፈልግም። ሐምራዊው ዓሣ ገና ትንሽ ሳለ ከ100 እስከ 150 ሊትር የሚይዝ ባዶ የመስታወት ገንዳ ይበቃዋል። አሸዋና ድንጋይ አይገባበትም፤ ተባይ ይደበቅባቸዋል፤ መድኃኒትም ይመጥጣሉና። በእነርሱ ፈንታ ዓሣው የሚሸሸግበት ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ይደረግለታል። ሙቀቱ ወደ 25 ዲግሪ ይጠበቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ማጣሪያው ነው። አሞኒያን ወደማይጐዳ ነገር የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ስለዚህ ስፖንጁ ዓሣው ከመታዘዙ በፊት ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት። ዓሣው በአውሮፕላን ላይ ሳለ ገንዳ የሚገዛ ሰው ዘግይቷል።

ስለ ጨውም ጥያቄ የሚያነሡ አሉ። ከአፋር ከአሳሌ ሐይቅ የሚመጣው ጨው ለወጥና ለከብት መልካም ነው፤ ለባሕር ዓሣ ግን አይሆንም። በባሕር ውኃ ውስጥ ከሚገኘው ጨው 86 በመቶ ያህሉ ሶድየምና ክሎራይድ፣ ማለት ተራው የገበታ ጨው ነው፤ የቀረው ማግኒዝየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታስየምና ሌሎችም ናቸው። የዓሣው ሕይወት በዚህ በቀረው ክፍል ላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተቀመመውን ጨው ከውጭ ማስመጣት ያስፈልጋል። ለ100 ሊትር ውኃ 3.5 ኪሎ ያህል ይገባል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት አስቀድሞ ክሎሪኑ ሊጠፋለት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት እንመለስ። የነጭ ነጠብጣብ በሽታ የሚመጣው ክሪፕቶካርዮን ከሚባል፣ በዓይን በደንብ ከማይታይ ነፍሳዊ ተባይ ነው፤ ስሙም በ1951 (እ.ኤ.አ.) በሳይንስ መዝገብ ገባ። ይህን ተባይ ለማሸነፍ ኑሮውን ማወቅ ይበቃል። በመጀመሪያ በዓሣው ቆዳና ስንጥብ ላይ ተቀብሮ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይመገባል፤ በዚህ ጊዜ ነጭ ነጠብጣቡ እንደ ጨው ብናኝ ሆኖ ይታያል። ከዚያም ከዓሣው ወርዶ በገንዳው ወለል ላይ ይጣበቃል፤ ቅርፊት ሠርቶም በውስጡ ይራባል። ቅርፊቱ ሲፈነዳ ከአንዱ ተባይ ብዙ ልጆች ወጥተው አዲስ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። የሚፈለፈሉት ከሦስት ቀን በፊት አይደለም፤ አንዳንዶቹ ግን ሳምንታት፣ አልፎ አልፎም ከሁለት ወር በላይ ይቆያሉ።

ነጋዴዎችን የሚያታልለው ይህ የኑሮው ዙር ነው። ነጠብጣቡ ታይቶ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲጠፋ ባለ ሱቁ ‹‹ዳነ›› ብሎ ይሸጠዋል። ተባዩ ግን የወረደው ሊራባ ነው እንጂ አልጠፋም። ከሳምንት በኋላ በገዢው ቤት በእጥፍ ተመልሶ ሲመጣ አዲሱን ዓሣ ብቻ ሳይሆን ገዢው ለዓመታት ያሳደጋቸውን ሁሉ ይፈጃል። እንዲህ ዐይነቱ ገዢ ገንዘቡን ቢመልሱለት እንኳ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም። ተባዩ የገባበትን ገንዳ ለማንጻትም ዓሦቹን ሁሉ አውጥቶ ባዶውን ማቆየት ስለሚያስፈልግ፣ ጠንቃቆቹ 76 ቀን ይጠብቃሉ፤ ይህም ለነጋዴ ሁለት ወር ተኩል ያህል የተዘጋ መደብር ማለት ነው።

ከተባዩ ኑሮ የተነሣ ያለ መድኃኒት የሚፈጸም አንድ ብልሃት ተገኝቷል፤ ለትንሽ ነጋዴም የሚስማማው ይኸው ነው። ተባዩ ከዓሣው ከወረደ በኋላ ከሦስት ቀን በፊት የማይፈለፈል ከሆነ፣ ዓሣው ሦስት ቀን ሳይሞላ ወደ ሌላ ንጹሕና ደረቅ ወደ ነበረ ገንዳ ቢዛወር የወረዱት ሁሉ ከኋላው ይቀራሉ። የተለቀቀው ገንዳ ውኃው ተደፍቶ፣ ታጥቦና ፈጽሞ ደርቆ ለሚቀጥለው ተራ ይዘጋጃል። ይህ በየ72 ሰዓቱ አራት ጊዜ ሲደጋገም፣ በዓሣው ላይ ከሰባት ቀን በላይ የሚቆይ ተባይ ስለሌለ፣ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ዓሣው ከነጠብጣቡ ነጻ ይሆናል። የሚያስፈልገው ሁለት ገንዳ፣ ሁለት መንፊያ፣ ሁለት ማሞቂያና ሰዓቱን የማይረሳ ሠራተኛ ነው። ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ከዓሣው ጋር የሚተላለፈው ውኃ እጅግ ጥቂት መሆን አለበት፤ እርጥብ ዕቃም አብሮ አይሻገርም። ማጣሪያው ስለማይሻገር አሞኒያውን በየቀኑ መለካት ያሻል።

ሁለተኛው መንገድ መዳብ ነው። በውኃው ውስጥ በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ነጻ መዳብ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ሳያቋርጥ ከቆየ፣ ከቅርፊት የሚወጡትን ተባዮች ይገድላል። ከዚህ ያነሰ እንደ ሆነ ተባዩ ይተርፋል፤ ከዚህ የበለጠ እንደ ሆነ ዓሣው ይመረዛል። ስለዚህ በየቀኑ ሳይለኩ መዳብ መጨመር በጨለማ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። በፋብሪካ ከሌላ ነገር ጋር ተዋሕዶ የሚሸጠው መዳብ ቍጥሩ የተለየ በመሆኑ በዕቃው ላይ የተጻፈውን መከተል ይገባል። መዳብ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና መርጃንን ስለሚገድል ከእነርሱ ጋር በአንድ ገንዳ አይጨመርም።

ነጠብጣብ ብቻውን አይመጣም። አሚሎኦዲኒየም የሚባለው ሌላ ተባይ በዓሣው ገላ ላይ እንደ ወርቅ ብናኝ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ብናኙ ከመታየቱ በፊት ዓሣው እየተጣደፈ ሲተነፍስና ከውኃው መውጫ ፊት ቆሞ አየር ሲፈልግ ይገኛል። ይህ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይገድላል። ገንዳ ማቀያየሩ አይበቃውም፤ ወዲያውኑ መዳብ ያስፈልገዋል። በቆዳና በስንጥብ ላይ ለሚጣበቁት ጥቃቅን ትሎች ደግሞ ፕራዚኳንቴል ይሰጣል። አንባቢው ይህን ስም በቢልሃርዚያ መድኃኒትነቱ ሳያውቀው አይቀርም። ክሎሮኪንም፣ የወባው፣ በውጭ አገር ለዓሣ ተባይ ያገለግላል። ከዚህ ተነሥቶ ግን ከመድኃኒት ቤት የሰው ክኒን ገዝቶ በግምት መፍጨት አይገባም፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ሊወስን ይገባል።

ስለ ምግቡ የሚነገረው ከመድኃኒቱ ይልቅ ብዙ ነው። ዓሣ በመድኃኒት ቢድንም ካልበላ ይሞታል፤ የሚበላ ዓሣ ግን ብዙ በሽታ ይችላል። ሐምራዊው ዓሣ በባሕር ሳለ ከንጋት እስከ ምሽት በድንጋይ ላይ የበቀለውን ሣር ይግጣል። በቀን አንድ ጊዜ ጠግቦ እንደሚያድር አዳኝ ዓሣ አይደለም። ስለዚህ ‹‹ጠዋት ሰጥቼዋለሁ›› የሚለው ባለ ሱቅ እንስሳውን እያስራበው ነው። የዓሣውን ራብ ከጀርባውና ከሆዱ ማወቅ ይቻላል፤ ከራሱ በስተኋላ ያለው ሥጋ ጐድጕዶ ሆዱም ወደ ውስጥ ገብቶ የታየ እንደ ሆነ የቆየ ራብ ነው፤ ሲገዛም እንዲህ ያለውን ባይቀበሉት ይመረጣል።

በመጀመሪያው ቀን ምግብ አይሰጥም፤ ቢሰጥም አይበላም፤ ውኃውንም ያበላሻል። በሁለተኛው ቀን ጃፓኖች ሩዝ የሚጠቀልሉበት፣ ኖሪ የሚባለው ደረቅ የባሕር ሣር፣ ቅመምና ዘይት የሌለበቱ፣ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ በገንዳው ጐን ይሰቀላል። ዓሣው መጀመሪያ ይሸሸዋል፤ በማግሥቱ ይሸተዋል፤ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሰው ሳያይ ይነክሰዋል። ጠርዙ መቀደዱ ከታየ በማቆያው ሥራ ውስጥ ካሉት መልካም ምልክቶች የመጀመሪያው ይኸው ነው። እምቢ ካለ ኖሪውን በትንሽ ድንጋይ ላይ በላስቲክ አስሮ ወለል ላይ ማስቀመጥ ይረዳል፤ በተፈጥሮው የሚግጠው ከድንጋይ ነውና።

ቆስጣና ሰላጣ በፈላ ውኃ አለስልሰው የሚሰጡ አሉ። ለጊዜው ለማባበል አይከለከልም፤ ነገር ግን የምድር ቅጠል ለባሕር ዓሣ የሚገባውን ቅባት አይሰጥም። ከሐይቅ የወጣ ዓሣ ሥጋ ብቻውን መስጠትም እንዲሁ ነው፤ የባሕር ዓሦች በሰውነታቸው ውስጥ በበቂ ሊሠሩት የማይችሉት፣ ከባሕር ምግብ ብቻ በደንብ የሚያገኙት የቅባት ዐይነት አለና። ለሐምራዊው ዓሣ ሣሩ ዋና ምግብ ሆኖ፣ ማይሲስ የሚባለው የቀዘቀዘ ትንሽ የባሕር ፍጥረት በተጨማሪ ይሰጠዋል። አርቴሚያ የተባለው የጨው ሐይቅ ሽሪምፕ በደረቅ ዕንቍላል መልክ በጣሳ ይሸጣል፤ በጨው ውኃ ውስጥ አየር እየተነፋበት በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይፈለፈላል። ሕያው ሆኖ ሲንቀሳቀስ ያየ ዓሣ እምቢ ለማለት ይቸግረዋል። ዘወትር በእርሱ ብቻ መመገብ ግን አያጠግብም፤ ያስለምዳል እንጂ አያሳድግም። ዓሣው አፉን ከከፈተ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ደረቅ ፍርፋሪ መምራት ይገባል፤ ገዢው በቤቱ የሚኖረው እርሱ ነው። ነጭ ሽንኩርት ጭማቂ በምግቡ ላይ መጨመር ለማስጐምጀት ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ በሽታን ይፈውሳል የሚለው ግን አልተረጋገጠም።

ጥቂት ጥቂት እየተደረገ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይሰጣል፤ የተረፈው በአንድ ሰዓት ውስጥ በቱቦ ተስቦ ይወጣል፤ በባዶ ገንዳ ውስጥ የበሰበሰ ምግብ ወዲያውኑ አሞኒያ ይሆናልና። እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ። መድኃኒቱ በመጀመሪያው ቀን ይጀመር ወይስ ዓሣው እስኪበላ ይጠበቅ? መዳብ የምግብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ፣ ዓሣው የበሽታ ምልክት እስካልታየበት ድረስ መጀመሪያ ማብላቱ የተሻለ ነው። ትንፋሹ የተጣደፈ እንደ ሆነ ግን ምግቡ ይቆያል፤ መድኃኒቱ አይቆይም።

ይህ ሁሉ ወጪ አይበዛም ወይ የሚል ነጋዴ ቢኖር ሒሳቡን ማየት ይበቃል። ቍጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው። ዐሥር ዓሣ እያንዳንዱ በ100 ብር ደርሶለት፣ በዚያው ዕለት እያንዳንዱን በ150 ብር ቢሸጥ በወረቀት ላይ 500 ብር አተረፈ። ከሳምንት በኋላ አራቱ ሞተው ገዢዎቹ 600 ብር ቢያስመልሱት በእጁ የቀረው 900 ብር ነው፤ መቶ ብር ከሰረ ማለት ነው። ሌላው ነጋዴ ለእያንዳንዱ ዓሣ 20 ብር ለማቆያ ቢያወጣና ሁለቱ በማቆያው ቢሞቱበት፣ ስምንቱን በ180 ብር ሸጦ 1,440 ብር ያገኛል፤ ከ1,200 ብር ወጪው በላይ 240 ብር ይተርፈዋል። ከ500ው ያንሳል፤ ነገር ግን ሊያስመልሰው የሚመጣ ሰው የለም። በተጨማሪ ዋጋ የሚገዛውም ሰው የሚገዛው ዓሣ መብላቱን አይቶ ነው። ለሞተው እያንዳንዱ ዓሣ ሌላ ዓሣ ከመርጃኑ መካከል የሚነሣ መሆኑም ከሒሳቡ ውጭ ሊቀር አይገባም።

ለጀማሪ አስመጪ በሰው እጅ በተራቡ ዓሦች መጀመሩ ይቀላል። ‹‹ክላውን›› የሚባሉት ባለ ነጭ መቀነት ዓሦች ከብዙ ዘመን ጀምሮ በገንዳ ይራባሉ፤ የሐምራዊው ዘመድ የሆነው ብጫው ዓሣም በ2015 (እ.ኤ.አ.) በሐዋይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው እጅ ተራብቶ አድጓል። እነዚህ ደረቅ ምግብ የለመዱ ናቸው። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ በላኪው መጋዘን ከሌሎች ጋር አንድ ውኃ ተጋርተው ሊሆን ስለሚችል ከማቆያው ሥርዓት ነጻ አይደሉም።

የማቆያው ገንዳ መረቡ፣ ባልዲውና ፎጣው የራሱ ይሁን፤ ሠራተኛውም አስቀድሞ የሱቁን ገንዳዎች፣ በመጨረሻ ማቆያውን ይጠብቅ እንጂ በተቃራኒው አያድርግ። የውኃ ፍንጣሪ እንኳ ተባይ ሊያሻግር ስለሚችል ማቆያው ከሱቁ ገንዳ ራቅ ብሎ በሌላ ክፍል ቢሆን ይመረጣል። አንድ ጭነት በማቆያው ውስጥ ሳለ ሌላ ጭነት አይጨመርበትም፤ በሃያኛው ቀን አንድ አዲስ ዓሣ የገባበት ገንዳ ቈጠራውን እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በገንዳው ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ዓሣው የደረሰበት ቀን፣ ከየት እንደ መጣ፣ ምግብ መጀመሪያ የነከሰበት ቀን፣ የተሰጠው መድኃኒትና መጠኑ ይጻፋል። አራተኛው ሳምንት ሲፈጸም ዓሣው በገዢው ፊት ይመገባል፤ የወረቀቱም ግልባጭ ከደረሰኙ ጋር ተያይዞ ይሰጠዋል።